ማሳው ንጹሕ፣ ጆንያው በካይ፦ የአንድ የኦርጋኒክ ቡና ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ አንድ የቡና አምራቾች መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር በኦርጋኒክ ስም ወደ አውሮፓ ሊልከው ካዘጋጀው ቡና በተወሰደ ናሙና ላይ የማላቲዮን ቅሪት ተገኘ። ማላቲዮን ፀረ ተባይ ነው፤ በአካባቢው በጎተራ ያለ በቆሎን ከነቀዝ ለመጠበቅ ይውላል። ከአባላቱ መካከል ቡናውን በመድኃኒት የሚረጭ ሰው አልነበረም፤ የማሳ ቁጥጥሩም ይህንኑ ደጋግሞ አረጋግጧል። ይህ ጽሑፍ ቅሪቱ ከየት እንደመጣ፣ ማኅበሩ ምን እንዳደረገ፣ ከተወሰዱት እርምጃዎች የትኛው እንደሠራና የትኛው ውኃ እንደበላው ያስረዳል።

የማኅበሩ፣ መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው ያቋቋሙት የዩኒየኑና የግለሰቦቹ ማንነት ሆን ተብሎ ቀርቷል። ጸሐፊው በውስጥ ቁጥጥሩ ማሻሻያ ላይ በአማካሪነት ተሳትፏል።

መነሻ ሁኔታ

የማኅበሩ አባላት ቡናቸውን የሚያለሙት በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው። አብዛኛው ማሳ ከቤት ጓሮ ይጀምርና ወደ ጫካው ጠርዝ ይዘልቃል። ማዳበሪያ ለበቆሎ እንጂ ለቡና አይገዛም። ለቡና በሽታም ቢሆን መርጨት አልተለመደም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሪቱ ከታየ በኋላ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከደን ቡና ውስጥ መርጠው ስላወጡ፣ ገበሬው ኬሚካል ከመልመዱ በፊት መፍትሔው በዘር መልክ ደረሰለት። ዛሬም በየማሳው 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው በዚያ ዓመት ስለተመረጡ ነው።

እንግዲህ ቡናው በአመራረቱ ድሮም ኦርጋኒክ ነበር። ያልነበረው ይህን ለገዢ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ቢሆንም፣ አውሮፓ ያለ ገዢ የሚጠይቀው በአውሮፓ ሕግ መሠረት የተሰጠ ሰርተፍኬት ነው። ገበያው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ በኦርጋኒክ ዘዴ የሚለማው መሬት እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር ነበር፤ በ2023 98.9 ሚሊዮን ሄክታር ደርሷል፤ የችርቻሮ ሽያጩም 136 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሆኗል።

ለብዙ ዓመታት ሰርተፍኬቱ የተያዘው በዩኒየኑ ስም ነበር። የማኅበሩ ኃላፊነት የአባላትን ዝርዝር መላክና ተቆጣጣሪ ሲመጣ መንገድ ማሳየት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን የቀየረው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/848 ነው። ደንቡ በጋራ ሰርተፍኬት የሚይዝ አንድ ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥ፣ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው፣ አባላቱ በቦታ የሚቀራረቡ እንዲሆኑ፣ የጋራ የግብይት ሥርዓትና የራሱ የውስጥ ቁጥጥር እንዲኖረው ያዛል። የአንድ አባል ይዞታ ከ5 ሄክታር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠም ሌላ የገቢ መስፈርት ማሟላት አለበት። ለኢትዮጵያ ገበሬ የ5 ሄክታሩ ገደብ ችግር አይደለም። ችግሩ የ2,000ው ነው፤ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ አባላትን በአንድ ሰርተፍኬት የያዘ ዩኒየን በየመሠረታዊ ማኅበሩ መበተን ግድ ሆነበት። በዚህ ምክንያት ማኅበራችን በራሱ ስም ሰርተፍኬት ለመያዝ ተነሣ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ጠባቂና ሦስት የውስጥ ተቆጣጣሪዎች ነበሩት። ኮምፒውተር ነበረው፤ መብራት ግን የሚመጣው ሲፈቅድ ነው።

ችግሩ

የናሙናው ውጤት የደረሰው ቡናው ተበጥሮ፣ ተለቅሞ፣ ሊጫን በተሰናዳበት ጊዜ ነው። የተገኘው መጠን እጅግ ትንሽ ነበር። ሆኖም በጀርመን የኦርጋኒክ ነጋዴዎች ዘንድ የሚሠራበት መለኪያ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ውጤቱም ከዚያ በላይ ሆነ። 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ማለት በ100 ቶን ቡና ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። በገበያ የሚሸጠው የማላቲዮን ዱቄት 5 በመቶው ብቻ መርዝ ቢሆን እንኳ፣ አምስት ኮንቴይነር ቡና ከመለኪያው ጫፍ ለማድረስ 20 ግራም ዱቄት ይበቃል። ይህን ስሌት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ አላመኑም፤ አለማመናቸውም አያስፈርድባቸውም።

የአውሮፓ ደንብ ለኦርጋኒክ ምርት ብቻ የተለየ የቅሪት ጣሪያ አላስቀመጠም። የሚለው ቅሪት ሲገኝ ምርቱ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ሰርተፍኬት ሰጪው ይወቀው፣ ምንጩ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ በኦርጋኒክ ስም አይሸጥ ነው። የገዢው ውል ግን ከደንቡ የጠበቀ ነበርና ጭነቱ በመደበኛ ቡና ዋጋ ተሸጠ። የጠፋውን ገንዘብ ለመገመት ፌርትሬድ የተባለውን የፍትሐዊ ንግድ ሥርዓት ስሌት መውሰድ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለኦርጋኒክ ቡና የሚታከለው በፓውንድ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ሲሆን፣ ልዩነቱ ወደ 17 ሺህ ዶላር ይጠጋል።

ከገንዘቡ የከፋው ግን ጥርጣሬው ነበር። የላይኛው ቀበሌ የታችኛውን፣ የታችኛው የላይኛውን መጠርጠር ጀመረ። በቆሎውን ቱፎርዲ የሚረጩ የወጣት ገበሬዎች ስም በየሰዉ አፍ ገባ፤ ቱፎርዲ ፀረ አረም መሆኑንና ከማላቲዮን ጋር ምንም እንደማይገናኝ የሚያስተውል አልነበረም።

ምንጩ እንዴት ተገኘ

የመጀመሪያው ምርመራ ወደ ማሳ ወጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የቁጥጥር ቅጹ ከላይ እስከ ታች ስለ ማሳ ይጠይቃልና። የጥላው ዛፍ፣ የአጎራባቹ ሰብል፣ ተዳፋቱ፣ በማሳ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ተጽፏል። ተቆጣጣሪዎቹ በየማሳው ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ፍንጩ የተገኘው ከግዥ ደረሰኝ ነው። ማኅበሩ ቡና የሚገዛው በሁለት መልክ ነው፤ እሸትና ጀንፈል። እሸቱ በዕለቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ጀንፈሉ ግን በገበሬው ደጅ ደርቆ፣ በገበሬው ቤት ተቀምጦ፣ ዋጋ ሲሻሻል ወይም ገንዘብ ሲያስፈልግ ይመጣል። የታጠበው ቡና በላቦራቶሪ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቅሪቱ የታየው ባልታጠበው ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ማሳ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ዛፍ ነው። ርጭት ቢኖር ኖሮ ሁለቱም ላይ ምልክት መጠበቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ልዩነቱ የተፈጠረው ቡናው ከዛፍ ከወረደ በኋላ፣ እሸቱ በማያድርበትና ጀንፈሉ ወራት በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ የገበሬው ቤት ነው።

ቀጣዩ ዙር ጓዳ ለጓዳ ሆነ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አባል ቤት የሆነውን መጻፍ ይጠቅማል፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይለይምና። ጀንፈሉ በአንድ ጥግ፣ በቆሎው በሌላው ጥግ ነበር። «እናቴ፣ ለቡናው መድኃኒት ያደርጉበታል?» ሲል ተቆጣጣሪው ጠየቀ። «ልጄ፣ ቡናዬን መድኃኒት ነክቶት አያውቅም» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ተቆጣጣሪው ጀንፈሉ ከተሞላባቸው ጆንያዎች የአንዱን ጓደኛ፣ ባዶውን፣ አነሣና ገለበጠው። ከደረሰኝ ጥራዙ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊውን ካርቦን ወረቀት አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋ፤ የጆንያውን ስፌት በጣቱ መታ መታ አደረገው። በወረቀቱ ላይ ነጭ ብናኝ ረገፈ። ጆንያው አምና የበቆሎ ነበር፤ በቆሎው ሲያልቅ ተራግፎ ለቡና ሆነ። እንደ ንጽሕና አስተያየት ካየነው ሴትዮዋ ጆንያውን አራግፈዋል፤ ስፌት ግን በማራገፍ አይጸዳም።

ጆንያ ቡናን ሲያስወቅስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ንግዱ በተናጋ ጊዜም ጣት የተቀሰረው ጆንያ ላይ ነበር። ያ ታሪክ በላኪዎች ዘንድ ይታወቃል፤ ወደ ገበሬው ጓዳ ግን አልወረደም።

ምርመራው አንድ ተጨማሪ ነገር አወጣ፤ ለአመራሩ የሚያሳፍር ሆኖ ነበር። የማኅበሩ የግብዓት ሱቅ ሽያጭ ሲታይ፣ የማላቲዮን ዱቄቱን ለአባላት በብዛት የሸጠው ራሱ ማኅበሩ ነው። ዩሪያውም፣ የተመረጠ ዘሩም፣ ዱቄቱም ከቡናው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው የላስቲክ መጋረጃ ብቻ ነው። ይህ የአመራሩ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። መሠረታዊ ማኅበራት በአገሪቱ የማዳበሪያ ሥርጭት ውስጥ ዋና እጅ ናቸው፤ ኦርጋኒክ ቡና የሚሰበስበውና ለበቆሎ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው አንዱ ተቋም ነው። ደንቡም ለያይቶ መያዝን እንጂ ይህን አይከለክልም፤ በአንድ ይዞታ ላይ ኦርጋኒክና ኦርጋኒክ ያልሆነ ሰብል በግልጽ እስከተለዩና በዓይን የሚለዩ እስከሆኑ ድረስ ይፈቅዳል። ቡናና በቆሎን ማሳ ላይ የሚያምታታ የለም። ጓዳ ውስጥ ግን ጆንያቸው አንድ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች፦ ያልሠሩት

አመራሩ መጀመሪያ የደነገገው ማላቲዮን ቤቱ የተገኘ አባል እንዲባረር ነው። ውጤቱ ፈጣን ነበር፤ በሚቀጥለው ዙር ፍተሻ በማንም ቤት ዱቄት አልተገኘም። በቆሎው ግን ያለ ነቀዝ ተቀምጧል። ዱቄቱ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ከብት ቤት ተዛውሮ ነበር እንጂ አልጠፋም። ለቤተሰብ ቀለብ የሚሆን በቆሎን ለነቀዝ ትቶ ለቡና ሰርተፍኬት የሚጨነቅ ገበሬ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ እኔም በቦታው ብሆን እደብቃለሁ።

ሱቁ ዱቄቱን መሸጥ እንዲያቆም የተወሰነውም ብዙ አላራመደም። ለክርክር ግን አንድ ሙሉ ስብሰባ ወሰደ፤ ሱቁ ለማኅበሩ ገቢ ነውና። ሽያጩ ሲቆም አባላቱ ከቅዳሜ ገበያ መግዛት ጀመሩ፤ ልዩነቱ ማን ስንት እንደገዛ የሚያሳየው መዝገብ መጥፋቱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አባል የታደለው የማሳ ማስታወሻ ደብተርም አብዛኛው ለተማሪ ልጅ የቤት ሥራ ዋለ።

በጀንፈል ፈንታ እሸት በብዛት የመግዛቱ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለው ነበር። ቡናው ቤት ካላደረ የሚበከልበት ዕድል የለም፤ የታጠበ ቡናም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ አለው። የከሸፈው በገንዘብ እጦት ነው። እሸት ገበሬው ፊት ለፊት ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅ ምርት ነው፤ ለግዥ የተጠየቀው ብድር ደግሞ የተለቀቀው የመኸሩ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የግል ሰብሳቢዎች በየመንታ መንገዱ ሚዛን ተክለው በእጅ በእጅ ከፈሉ። ለማኅበሩ የቀረው ያው ጀንፈሉ ሆነ።

የሠሩት

መፍትሔ የሆነው ከማገድ ይልቅ መለየት ነው። ማኅበሩ ለምግብ ምርት የሚሆን አዲስ የቃጫ ጆንያ ገዝቶ፣ አረንጓዴ ምልክት አትሞበት፣ ጀንፈሉ ከመድረቁ በፊት ለአባላቱ አደለ። የተሰጠው ብዛት በአባሉ የግዥ ደብተር ላይ ይመዘገባል፤ ጀንፈሉ የሚገዛው በዚያው ጆንያ ሲመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነው ጆንያ ለጤፍና ለባቄላ ውሎ ተገኘ፤ ጥሩ ጆንያ ነበርና የሚገርም አይደለም። ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ ግን አባላት ራሳቸው ይጠብቁት ጀመር።

ለበቆሎው ደግሞ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት፣ በተለምዶ ፒክስ የሚባለው፣ በሱቁ በኩል በዱቤ ቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከረጢቱ በደንብ ከታሰረ ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል፤ ኬሚካል አያስፈልግም። ሰርቷል፤ አይጥ ባለበት ቤት ግን አንድ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል። ከአልጋ በላይ ቆጥ ያላቸው ቤቶች በጣም ወደዱት፤ ሌሎቹ ወደ ዱቄቱ ተመለሱ።

ከሁሉም ይበልጥ ውጤት ያመጣው ግን የመባረር ቅጣቱን መሻር ነው ብዬ አምናለሁ። በምትኩ አንድ አባል ጀንፈሉ ከበቆሎ ጆንያ ጋር እንደተነካካ ካስታወቀ፣ ቡናው በመደበኛ ዋጋ ተገዝቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ አባልነቱም አይነካም። ያላስታወቀና ብናኝ የተገኘበት ግን የዓመቱን ሁለተኛ ክፍያ፣ ማለትም ከሽያጩ በኋላ የሚከፋፈለውን የትርፍ ድርሻ፣ ያጣል። ደንቡ በተነበበ ማግሥት መናዘዝ ተጀመረ። በግዥ ጣቢያው ሚዛን አጠገብ «ይሄኛው ከበቆሎ ጋር ነበር፣ ለብቻው አድርጉት» የሚል ድምፅ መስማት የተለመደ ሆነ። በካርቦን ወረቀቱ የሚደረገው ምርመራም በቅጹ ላይ እንደ አንድ ጥያቄ ገባ።

መጋዘኑን በተመለከተ ግብዓቱ ወደ ኪራይ ቤት ተዛወረ። ከእያንዳንዱ የግዥ ጣቢያ የሚመጣ ጀንፈል በየሳምንቱ ለብቻው ተከምሮ ናሙናው ይታሸጋል። ከጭነቱ በፊት ለላቦራቶሪ የሚላከው ያ ናሙና ስለሆነ፣ ችግር ቢገኝ የሚወድቀው አንድ ክምር እንጂ ሙሉ ኮንቴይነር አይደለም።

ገበሬው ምን አገኘ

የኦርጋኒክ ጥቅም ሲነገር ሁልጊዜ የዋጋ ጭማሪው ይቀድማል። በዚህ ማኅበር ጭማሪው ወደ ገበሬው የሚደርሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ነው፤ ዩኒየኑ ይሸጣል፣ ወጪው ይቀነሳል፣ ከተጣራ ትርፍ 70 በመቶው ለማኅበሩ ይመለሳል፣ ከዚያ ለአባሉ በአቀረበው መጠን ይከፋፈላል። ሁለተኛው ክፍያ እጁ ሲገባ ቡናው ከተሸጠ ወራት አልፏል። በዚህ መካከል በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰብሳቢ ለምን እንደሚመረጥ ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

ብዙም የማይነገሩት ጥቅሞች ይበልጥ የሚታዩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ለቡና ማዳበሪያ በዱቤ የሚገዛ ስለሌለ፣ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ከቡናው ጋር አብሮ የሚመጣ ዕዳ የለም። ቀድሞ ወደ ወንዝ ይለቀቅ የነበረው የማጠቢያ ጣቢያው ገለፈት አሁን ከፍግና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ኮምፖስት ይሆናል፤ ገለፈት በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ከጣቢያው በታች ያለው ወንዝም ሽታው ቀንሷል። ለውስጥ ቁጥጥሩ የተሠራው የማሳ ካርታ ደግሞ ሌላ አገልግሎት አመጣ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን አለመምጣቱን በመገኛ ነጥብ ማሳየት ይጠይቃል፤ ካርታ የሌላቸው ጎረቤት ማኅበራት ከዜሮ ሲጀምሩ ይህ ማኅበር ያለውን ማስተካከል ብቻ ቀረው።

ጉድለቱም ይጻፍ። ፍግ ለሁሉም አይዳረስም፤ ከብት የሌለው አባል የቡናው ምርት እያነሰ ነው። የጥላ ዛፍ ቅጠል ብቻውን ያረጀ ቡናን አይመግብም፤ ጉንደላ (ያረጀውን ግንድ ቆርጦ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ) ያልተደረገለት ማሳ በኦርጋኒክም በሌላም ስም ቢጠራ ያው ፍሬው ጥቂት ነው።

ለሌሎች ማኅበራት የሚተርፈው

በ2,000 አባላት ገደብ ምክንያት ሰርተፍኬት በራሳቸው ስም ለመያዝ የተገደዱ ማኅበራት ብዙ ናቸው። ደንቡ ሁሉም አባል በየዓመቱ በውስጥ ተቆጣጣሪ እንዲታይ፣ ሰርተፍኬት ሰጪውም ቢያንስ 5 በመቶውን ደግሞ እንዲመረምር፣ ከ2 በመቶው ደግሞ ናሙና እንዲወስድ ያዛል። ስለዚህ ናሙና መምጣቱ አይቀርም። ከመምጣቱ በፊት ቅጹን ከማሳ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ መጋዘን ማስረዘም ዋጋው ርካሽ ነው።

የታጠበውንና ያልታጠበውን ለየብቻ ማስመርመር የግድ ነው እላለሁ። በእኛ ጉዳይ ሁለቱ ተቀላቅለው ተመርምረው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምናልባት ከመለኪያው በታች ይወርድ ነበር፤ ችግሩም ተደብቆ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገር ነበር።

ቅጣትን በተመለከተ፣ በቀለብና በሰርተፍኬት መካከል የሚያስመርጥ ደንብ ማንም አያከብረውም። ሰሊጥ፣ ማር ወይም ቅመማ ቅመም የሚልኩ ማኅበራትም ከምርታቸው አጠገብ በገበሬው ቤት ምን እንደሚቀመጥ ቢጠይቁ ተመሳሳይ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ፤ ማር ቆርቆሮ አለው፣ ሰሊጥም ጆንያ አለው።

አሁን ያለበት

በቀጣዩ ምርት ዘመን የተላከው ያልታጠበ ቡና ናሙና ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ የግዥ ጣቢያ የመጣ አንድ ክምር ብቻ ቀድሞ ተለይቶ በመደበኛ ዋጋ ተሸጧል። ገዢው ውሉን አድሷል። የመኸር ብድሩ አሁንም ይዘገያል። የጆንያው ወጪ እስካሁን የሚሸፈነው ከማኅበሩ መጠባበቂያ ነው፤ ከአባላት ሁለተኛ ክፍያ ላይ ይቀነስ የሚለው ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ቀርቦ፣ ጉባኤው ሳይወስንበት ለመጪው ዓመት አሳድሮታል።